«ያዙልኝ»፦ ከሁለት ልጆች ጋር ከረገንስዶርፍ መውጣት

አማርኛ ልጅን ይዞ ለመሄድ ብዙ ቃላት አሉት። ልጁን ጀርባችን ላይ ካደረግነው «አዘልነው» እንላለን። ደረታችን ላይ ከያዝነው «አቀፍነው» ነው። ትከሻችን ላይ ካስቀመጥነው «እሽኮኮ አልነው»። ገና መቆም ሲጀምር «ወፌ ቆመች» እያልን እናጨበጭብለታለን። መሄድ ሲችል ደግሞ እጁን ይዘን እንመራዋለን። እነዚህን ቃላት ሁሉ ከእናቴ ነው የተማርኳቸው። ሁለተኛ ልጄ ስትወለድ ግን ሁሉም ለአንድ ልጅ ብቻ የተሠሩ መሰሉኝ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድሟ በአንድ በኩል ይጎትተኛል፣ የሁለት ሳምንት ሕፃን ደረቴ ላይ ታለቅሳለች፣ የባቡሩ በር ደግሞ ሊዘጋ ነው። ለዚህ ስም የለውም አልኩ።

በኋላ ቃሉን አገኘሁት። የማዘል ወይም የማቀፍ ቃል አይደለም። ከዚያ በፊት ግን ያለንበትን ቦታ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ረገንስዶርፍ ነው። ከዙሪክ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ፉርትታል በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። በአንድ በኩል እርሻ፣ በሌላ በኩል አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃዎች ይታያሉ። ጣቢያችን ረገንስዶርፍ-ቫት ይባላል። ኤስ 6 የሚባለው ባቡር ከባደን ተነሥቶ በእኛ በኩል ያልፋል፤ አፎልተርንን፣ ዜባህንና ኦርሊኮንን አልፎ 20 ደቂቃ ያህል ውስጥ ዙሪክ ዋና ጣቢያ ያደርሳል። ትንሽ ልጅ ለሌለው ሰው ቀላል መንገድ ነው። ሁለት ልጅ ላለው ሰው ግን ከቤት በር እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ብቻውን አንድ ጉዞ ነው።

የአራስ ቀናት

ልጄ የተወለደችው በጥቅምት መጨረሻ፣ ሸለቆው ጉም መልበስ ሲጀምር ነው። እኔም አራስ ሆንኩ። «አራስ» የሚለውን ቃል የማታውቁ ካላችሁ፣ በቅርቡ የወለደች እናት ማለት ነው። በአገራችን አራስ ቶሎ ከቤት አትወጣም። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ቁጥሮቹ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ አሉ። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40ኛው ቀን፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይተርካል።

እነዚያ ቀናት የዕረፍት ቀናት ናቸው። ለአራሷ ገንፎ በቅቤ ይሠራላታል። አጥሚት ይቀርብላታል። ጎረቤቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይመጣሉ። ታላቁን ልጅ አክስቱ ትወስደዋለች፤ እሷ ባትኖር ጎረቤት ይይዘዋል። አራሷ ውኃ አትቀዳም፣ ዕቃ አታነሣም፣ ገበያ አትሄድም። ልጅ እያለሁ እናቴ ታናሽ እህቴን ስትወልድ እኔ ራሴ ጎረቤት ቤት ስውል አስታውሳለሁ። ምሳዬን እዚያ በላሁ፤ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ማታ አንድ ሰው ተሸክሞ ወደ ቤት መለሰኝ። ማን እንደተሸከመኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በረገንስዶርፍ ነገሩ ሌላ ነው። እናቴ ያለችው አዲስ አበባ ነው፤ አባቴን ትታ መምጣት አልቻለችም። እህቴ ያለችው ጄኔቭ ነው። በስዊዘርላንድ ሕግ እናት ለ14 ሳምንት ከደመወዟ 80 ከመቶ እየተከፈላት ታርፋለች፤ ይህ ከሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። አባት ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለው። እሱም ቢሆን የተጀመረው ሕዝቡ በመስከረም 2020 ድምፅ ከሰጠበት በኋላ፣ ከጥር 2021 አንሥቶ ነው። (በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን ነው። አገር ቤት ግን ከአዋጁ ሌላ ጎረቤትና ዘመድ አለ።)

ባለቤቴ ሁለቱን ሳምንት በተከታታይ ወሰደ። በ15ኛው ቀን ወደ ሥራው መመለስ ነበረበት። በዚያው ቀን ጠዋት ደግሞ ልጄ ሽፒልግሩፐ ነበረው። ሽፒልግሩፐ ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ትንንሽ ልጆች በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ልጄ በመስከረም ነበር የጀመረው፤ ጓደኛም አግኝቷል። እህቱ ከመጣች ወዲህ ጡቱም ጭኑም አልጋው አጠገብ ያለው ቦታም ተወስዶበታል። ሽፒልግሩፑም ከቀረበት በእሷ ምክንያት እንደቀረበት እንደሚያስብ ታየኝ። ስለዚህ ልወስደው ወሰንኩ።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ነገ ልወጣ ነው።»

«በስንተኛ ቀንሽ ነው?»

«በ15ኛው።»

ዝም አለች። ተቆጣች ብዬ ስጠብቅ፣ «ማን ይይዝልሻል?» አለችኝ።

ለምን እንደምወጣ አልጠየቀችኝም። ተይ አትውጪም አላለችኝም። የጠየቀችኝ ማን እንደሚይዝልኝ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለዚህ ጥያቄ ብዙ አሰብኩ። አራስ አትወጣም የሚለውን ልማድ ሁልጊዜ ስለ በር የተነገረ አድርጌ ነበር የምሰማው፤ በሩ ተዘግቶ ይቆይ የሚል። እናቴ ግን ልማዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ለእሷ ዋናው ነገር አራስ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

አዋላጇም ያንኑ ጠየቀች

በስዊዘርላንድ ከወለዳችሁ በኋላ አዋላጅ ቤታችሁ ድረስ ትመጣለች። በጀርመንኛ ሄባመ ትባላለች። ከወሊድ በኋላ ባሉት 56 ቀናት ውስጥ የምታደርገውን የቤት ጉብኝት መሠረታዊው የጤና መድን ይከፍላል። የእኛ አዋላጅ ሕፃኗን መዘነች፣ እምብርቷን አየች፣ የእኔንም ሁኔታ ጠየቀች። ስለ ማግስቱ ስነግራት ቀስ ብሎ መራመድ እንደማይጎዳኝ ነገረችኝ። ከባድ ነገር ግን እንዳላነሣ አስጠነቀቀችኝ። በተለይ ጋሪውን ከልጁ ጋር ደረጃ ላይ አንሥቼ እንዳልወጣ ደጋግማ ነገረችኝ፤ ከወሊድ በኋላ የሆድና የዳሌ ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ከዚያ ቦርሳዋን እየዘጋች፣ «ማን ይረዳሻል?» አለችኝ።

እናቴና አዋላጇ ተገናኝተው አያውቁም፤ የጋራ ቋንቋም የላቸውም። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ።

የመውጣት ቅደም ተከተል

ሁለት ልጅ ይዞ ለመውጣት ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። እኔ መጀመሪያ ሕፃኗን አጠባለሁ። ቀጥሎ ትልቁን አለብሰዋለሁ። ሕፃኗን የማለብሰው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሜ ካለበስኳት ወንድሟ ጫማውን እስኪፈልግ ድረስ ይሞቃትና ታለቅሳለች። ለአሥር ደቂቃ መንገድ ከአርባ ደቂቃ በፊት እጀምራለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ጋሪ ውስጥ ይሁን፣ ማን ይታቀፍ የሚለው ነው። እኔ ሕፃኗን በጨርቅ ማዘያ ደረቴ ላይ አስራታለሁ፤ ትልቁ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲደክመው ጋሪው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም እጆቼ ነፃ ይሆናሉ። እናቴ እኛን ያሳደገችው ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው። አያቴ ደግሞ አንቀልባ ነበራት፤ አንቀልባ ከቆዳ የሚሠራ፣ አንዳንዴም በዛጎል የሚያጌጥ ማዘያ ነው። አራስ ልጅ ግን አንገቷ ገና ስላልጠና ከፊት መሆኗ ይሻላል። ፊቷ እንዲታየኝ፣ አፍንጫዋ እንዳይሸፈን፣ አገጯም ደረቷ ላይ እንዳይጣበቅ ሁልጊዜ አያለሁ።

ለትልቁ ልጄ ሥራ ሰጠሁት፤ «የጋሪው ዘበኛ» አልኩት። ሥራው መንገድ ላይ የጋሪውን ብረት መያዝ ነው። ጣቢያው ላይ ደግሞ ነጩን መስመር ይጠብቃል። በስዊዘርላንድ ጣቢያዎች ከሐዲዱ ጠርዝ ራቅ ብሎ ነጭ መስመር ይሰመራል፤ ባቡሩ እስኪቆም ድረስ ከመስመሩ ኋላ መቆም አለባችሁ። ልጄ ይህን ሥራ ከእኔ የበለጠ ይጠነቀቅለታል። አንድ ጊዜ ኮት የለበሱ ትልቅ ሰው መስመሩን ሲረግጡ አይቶ በአማርኛ «ነጭ መስመር!» ብሎ ጮኸባቸው። ሰውየው ቃሉን ባይሰሙም ጣቱን አይተው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ጋሪውን ስታቆሙ ፍሬኑን ያዙ። ፊቱን ወደ ሐዲዱ አታዙሩ፤ ከሐዲዱ ጋር ጎን ለጎን ይቁም። ጠፍጣፋ የሚመስል ወለልም አንዳንዴ ትንሽ ያዘነብላል።

የትኛው በር?

ባቡሩ ሲመጣ በሮቹን ተመልከቱ። የልጅ ጋሪና የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል ያለበትን በር ፈልጉ፤ በዚያ በኩል ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፣ ውስጡም ጋሪ የሚቆምበት ሰፊ ቦታ አለው። የዙሪክ ትራሞች ሁሉም አንድ አይደሉም። አዲሶቹ ከመንገዱ ጋር እኩል ናቸው፤ ከአሮጌዎቹ ጥቂቶቹ ግን መግቢያቸው ላይ ደረጃ አላቸው። በጉዞ መፈለጊያው ላይ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ካለ፣ ለጋሪም ይሆናል ማለት ነው። ብዙ አውቶቡሶች ላይ ደግሞ የጋሪ ሥዕል ያለበት ቁልፍ አለ፤ እሱን ስትጫኑ ሹፌሩ ጋሪ እንዳለ ያውቃል።

ይህ ሁሉ በራሱ የመጣ አይደለም። አካል ጉዳተኞች ለዓመታት ታግለውለታል። የአካል ጉዳተኞች እኩልነት ሕግ ከጥር 2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ለባቡር ጣቢያዎች 20 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2023 መጨረሻ ድረስ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ቀኑ አልፎም ያላለቁ ጣቢያዎች አሉ። ያለቁት ላይ ግን ከወለል ወደ ባቡር እግራችሁን ሳታነሡ ትገባላችሁ። እኔ ጋሪዬን እየገፋሁ በዚያ በር በገባሁ ቁጥር፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው መብታቸውን የጠየቁትን ሰዎች አስባለሁ።

ዋጋውንም ልንገራችሁ። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ሲሄድ አይከፍልም፤ ጋሪውም አይከፈልበትም። ከ6 እስከ 16 ዓመት ድረስ ደግሞ ከወላጁ ጋር የሚጓዝበት ካርድ አለ፤ ለአንድ ዓመት 30 ፍራንክ ነው። አዲስ አበባ በሚኒባስ ስትሄዱ ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ አይከፍልም። እዚህ በመኪና ከሄዳችሁ ግን ጭን የለም። ዕድሜው 12 ያልሞላ፣ ቁመቱም 150 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ የራሱ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል። ሰው መኪናው ውስጥ ቦታ አለኝ ሲላችሁ «የልጅ መቀመጫስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሊፍቱ ሲበላሽ

አንድ ቀን ከከተማ ስንመለስ በአንድ ጣቢያ ሊፍቱ አልሠራም አለ። ሕፃኗ ደረቴ ላይ ናት። ትልቁ ጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ፊት ለፊቴ ረጅም ደረጃ አለ። አዋላጇ አታንሺ ብላኛለች። ሰዎች አጠገቤ ያልፋሉ፣ ያዩኛል፣ ይወጣሉ። የባቡሩ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ ሕፃኗም የምትጠባበት ጊዜ ደርሶ መቁነጥነጥ ጀመረች።

አዲስ አበባ ቢሆን ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ገና ደረጃው ሥር ሳልደርስ አንድ ሰው ጋሪውን ያነሣዋል፣ ሌላው ቦርሳዬን ይወስዳል፣ አንዲት እናት ደግሞ ሳትጠይቀኝ ሕፃኗን ትቀበለኛለች። በሚኒባስ ውስጥም እንደዚያው ነው። ልጅ ይዛችሁ ከገባችሁ የተቀመጠ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ ልጁ የማታውቁት ሰው ጭን ላይ ሆኖ ይሄዳል። የማይዘረጋ ሰው ካለ ሌሎቹ ያዩታል፤ እሱም ያፍራል። ይህን የሚያደርገው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ማሰብ ነው። እዚያ ይሉኝታ የሚይዘው የማይረዳውን ሰው ነው።

እዚህ ግን ይሉኝታ የያዘው እኔን ነበር። ሰውን ማስቸገር ሆነብኝ። በኋላ እንደገባኝ ሰዎቹም የራሳቸው ይሉኝታ ነበራቸው። በስዊዘርላንድ የሌላ ሰው ልጅ ወይም ጋሪ ሳይጠይቁ መንካት ነውር ነው። ስለዚህ እኔ እነሱን ላለማስቸገር ዝም አልኩ፤ እነሱም እኔን ላለመድፈር ዝም አሉ።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሲያልፍ አፌን ከፈትኩ። «ኬነን ዚ ሚር ቢተ ሄልፈን?» አልኩት፤ እባክዎ ሊረዱኝ ይችላሉ? ማለት ነው። የጆሮ ማዳመጫውን አወጣና ጋሪውን ከታች ያዘ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ደግሞ «እኔስ ምን ልያዝ?» አሉኝ፤ ቦርሳዬን ሰጠኋቸው። ከላይ የጋሪውን እጀታ የያዘ ሦስተኛ ሰውም መጣ። እኔ ልጄን ብቻ አቅፌ ወጣሁ። ላይ ስንደርስ ወጣቱ፣ «ቀድሜ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ እንዳይከፋሽ ፈራሁ» አለኝ።

አዲስ አበባን ከዙሪክ የተሻለች ለማድረግ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ጋሪ መግፋት አይቻልም። የእግረኛው መንገድ ይቋረጣል፣ ይቆፈራል፤ ማታ የታክሲው ሰልፍ ላይ ሕፃን ይዞ መቆም ከባድ ነው። የሰው እጅ የሚበዛው መወጣጫው ስለሌለ ጭምር ነው። ዙሪክ መወጣጫ አለ፤ እጁም አለ፤ እጁ ግን እስኪጠራ ይጠብቃል።

ትንሿ «ልኝ»

ያጣሁት ቃል ይኸው ነበር፤ «ያዙልኝ»። አማርኛ የምትማሩ ሁሉ ይህን ቃል ፈታ አድርጋችሁ እዩት። «ያዝ» ለወንድ ነው፣ «ያዢ» ለሴት፣ «ያዙ» ለብዙ ሰዎች፣ «ይያዙ» ለምናከብረው ሰው። መጨረሻው ላይ «ልኝ» ስንጨምር «ለእኔ» ማለት ይሆናል። «ያዝ» ብቻ ትእዛዝ ሊመስል ይችላል። «ያዝልኝ» ግን ነገሩ የእኔ ነው፣ ለጊዜው ስለ እኔ ብለህ ያዘው ማለት ነው። ልጁ የእኔ ነው፤ ጭነቱን ግን ለጥቂት ደቂቃ ተካፈለኝ። «ያዙልኝ» ስንል ደግሞ አንድን ሰው ለይተን አይደለም፤ ማንም ቢሆን አጠገባችን ያለ ይስማ ብለን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ በየማታው ስትደውል የምትጠይቀኝ ጥያቄ ተለወጠ። «ወጣሽ?» አትለኝም። «ዛሬ ማን ያዘልሽ?» ትለኛለች። እኔም እቆጥርላታለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ኤርትራዊት ጎረቤቴ ዓርብ ዓርብ ልጄን ሽፒልግሩፐ ያደርሱልኛል፤ አራት ልጅ አሳድገዋል፤ «ለእኔ የእግር መንገድ ነው» ይላሉ። የአውቶቡስ ሹፌሩ በሩን ያዘልኝ። የማላውቃት ተማሪ የወደቀ ጓንት አንሥታ ተከተለችኝ።

አንዲት የታሚል እናትም አለች። እሷን ያገኘኋት በወላጆች ምክር ጣቢያ ነው። በካንቶን ዙሪክ ይህ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ሕፃናቱን ይመዝናሉ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ይመክራሉ። ምክሩ ጠቅሞኛል፤ የበለጠ የጠቀመኝ ግን እዚያ ወረፋ ስጠብቅ ያገኘኋት ሰው ናት። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ሁለታችንም ጋሪ እየገፋን ወደ ካትሰንዜ እንሄዳለን። ካትሰንዜ በረገንስዶርፍና በዙሪክ መካከል ያለ፣ በጥብቅ ቦታ የተከበበ ሐይቅ ነው። አንዱ ልጅ ዳክዬ ሊያይ ሲሮጥ አንዳችን እንከተለዋለን፤ ሌላዋ ሁለቱንም ጋሪዎች ትይዛለች።

እናቴ ስሞቹን በቃሏ ይዛቸዋለች። ጎረቤቴ ታመው የቀሩ ቀን ከእኔ ቀድማ «እንዴት አደሩ?» ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

እስከ ጄኔቭ

በ80ኛው ቀን ልጄ ክርስትና ተነሣች። ከገና በኋላ ነበር። ጠዋት በጨለማ ኤስ 6 ይዘን ሄድን፤ የክርስትና እናቷ ጣቢያ ድረስ መጥታ ተቀበለችን። ከዚያ በኋላ ነው እህቴ ዘንድ ጄኔቭ ለመሄድ የደፈርኩት፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረ ከሁለቱ ልጆች ጋር ብቻዬን።

ከዙሪክ ጄኔቭ ድረስ በቀጥታ የሚሄደው ባቡር ኢሴ 1 ነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በበርን፣ በፍሪቡርና በሎዛን ያልፋል። ከፍሪቡር በኋላ ከዋሻ ወጥቶ የሌማን ሐይቅና የላቮ ወይን እርሻዎች ድንገት ይታያሉ። ባለ ሁለት ፎቅ ባቡሮቹ የቤተሰብ ፉርጎ አላቸው፤ ፎቁ ላይ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አለ። ጋሪው ታች ይቀራል፤ እናንተ ከልጆቹ ጋር ትወጣላችሁ። በትንሽ ልጅ አቅም ያ ፉርጎ ጉዞውን በግማሽ ያሳጥረዋል።

እዚያ ልጄ የእንጨት መኪናውን ይዞ መንሸራተቻው ላይ መውጣት አቃተው። ዙሪያውን አየ። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ተቀመጡ አንዲት ሴት ሄደና መኪናውን ዘርግቶ «ያዙልኝ» አላቸው፤ ከእኔ እንደሰማው። ሴትዮዋ አማርኛ አያውቁም። መኪናውን ግን ተቀበሉትና እስኪወርድ ድረስ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡለት። ሕፃኗን እያጠባሁ ስለነበር ከቦታዬ አልተነሣሁም፤ መነሣትም አላስፈለገኝም።

ጄኔቭ ኮርናቫን ጣቢያ እህቴ ጠበቀችን። ቋንቋው ተለውጧል፤ ጀርመንኛዬ እዚያ አይሠራም። «እዚህም ያው ነው፤ ካልጠየቅሽ ማንም አይነካሽም» አለችኝና የፈረንሳይኛውን ዓረፍተ ነገር አስተማረችኝ፤ «ፑቬ ቩ ሜዴ?» በማግስቱ ትራም ላይ ሞከርኩት። ሁለት ሰዎች ተነሡልኝ።

ለእናንተ

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ የተወለዳችሁት እዚህ ነው። ጀርመንኛችሁ ወይም ፈረንሳይኛችሁ ከእኔ ይበልጣል፤ አማርኛችሁን እየተማራችሁ ነው። አንድ ቀን ጣቢያ ላይ ጋሪ ይዛ በአማርኛ ልጇን የምትቆጣ ወይም የምታባብል እናት ታጋጥማችኋለች። ቋንቋው ያልገባት፣ በአራስነቷ ብቻዋን የወጣች፣ ይሉኝታ የያዛት ልትሆን ትችላለች። እናታችሁም እናንተን ወልዳ እንዲሁ ቆማ ይሆናል፤ ጠይቋት።

ለዚያች እናት የምትሏት ቃል ከ«ያዙልኝ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ «ልያዝልሽ?»። አያት ከሆኑ «ልያዝልዎት?» ትላላችሁ፤ አባት ከሆነ «ልያዝልህ?»። አነጋገራችሁ ቢንተባተብም ግድ የለም፤ ይገባታል። ጠይቃችሁ መልሷን ጠብቁ። ልጁን ለመቀበል አትቸኩሉ፤ ምን እንደሚያዝላት እሷ ታሳያችሁ። ብዙ ጊዜ የምትሰጣችሁ ልጇን አይደለም፤ ቦርሳዋን ነው። ቦርሳዋን ያዙላት።